የወንድሜ ካሜራ መሸከሚያ በአራት ክፍል ሲመረመር

ለተከበሩ የቀረጻ ዕቃዎች ፈቃድ ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይ ያ ቀኑን ሙሉ ሲፈርም የሚውለው እጅዎ ደህና ነው ወይ? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርቴም እምብዛም ስለሆነ ቃል ብስት እንደ ታላቅ ወንድም ይለፉኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ፊልም የሚቀርጽ ካሜራማን ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ሐኪሙም እየባሰበት እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ቁርጡን ነግሮታል። ምስሉ አብሮት እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገው መሸከሚያ ገበያ ላይ አለ፤ ዋጋው ግን ከካሜራው አይተናነስም። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሠራነው። እኔ ከአሮጌ የጀርባ ሻንጣ ማንገቻ ሰደርያ ሰፋሁለት። እሱ ከተጣለ የሕፃን ጋሪ ስፕሪንግ ነቅሎ ታጣፊ ክንድ አበጀ፣ ካሜራው የሚቆምበትን ዘንግ ከመጋረጃ ብረት ቆረጠ፣ ሚዛን እንዲጠብቅለት ደግሞ የተሰበረ የስፌት መኪናዬን መዘውር ከሥሩ አሰረበት። ለብሶት ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ምስሉ እንደተኛ ሕፃን ጸጥ አለ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ምን ላድርግ፣ ሆደ ባሻ ነን።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ/ ተቆጣጣሪዎችዎ መንገድ ላይ ሲቀርጽ አግኝተው መሸከሚያውን ለምርመራ ስለወሰዱልን አመሰግናለሁ። የሕፃን ጋሪ የነበረ ነገር መቼም አይታመንም።

፪ኛ/ ምርመራው ጥልቅ እንዲሆን ፈታትተው ሰደርያውን ለጨርቃ ጨርቅ፣ ስፕሪንጉን ለብረታ ብረት፣ ዘንጉን ለቤት ዕቃ፣ መዘውሩን ለማሽነሪ ክፍል ስላከፋፈሉልን እግዜር ይስጥልን። ሁሉም አልፈዋል። የሰደርያው ስፌት እንዲያውም «እጅግ ጥሩ» ተብሏል፤ ደንበኞቼ እንኳ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

፫ኛ/ አራቱን አንድ ላይ የሚያይ ክፍል ስለሌለ ገጣጥሞ መመለስ እንደማይቻል፣ እንደተፈታታ እንዳይመለስ ደግሞ የተመዘገበው «አንድ መሸከሚያ» ተብሎ ስለሆነ ቁርጥራጭ ማስረከብ ደንቡ እንደማይፈቅድ ጸሐፊዎ «የኔ እናት» እያለች፣ ወንበር ስባልኝ፣ በሄድኩ ቁጥር ሳይሰለቻት አስረድታኛለች። ያሳደጋት ይባረክ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ተውኩት። ወንድሜ የጀመረው ፊልም የቀረው መጨረሻው ብቻ ነበር። ተዋንያኑ ጠብቀው ጠብቀው ወደየሥራቸው ተበተኑ፤ አልቀየምኳቸውም። ትናንት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፍኩለት፣ ዛሬም ቢሮዎ ደርሼ ልምጣ ስለው ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ፣ «እትዬ፣ ተይው በቃ። ቢመልሱትም እኮ የሚለብሰው ሰው የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። መንቀጥቀጡ ትከሻው ደርሷል፤ ሰደርያው የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ እንዲመልሱልን አልጠይቅም፤ ከእንግዲህም ጸሐፊዎን አላደክምም።

ክፍሎችዎ ይብዙ፣ መደርደሪያዎ አይጉደል፤ ላደረጉልን ጥንቃቄ ሁሉ ዕድሜ ልካችንን የማንረሳዎት፣

ታላቅ እህቱ፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ቢሮዎ መግቢያ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍዎን ወረፋ ስጠብቅ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ፊትዎ ደብዝዟል፤ አንዱ ዓይንዎ ሁለት ሆኗል። ያነሳዎት ሰው እጁን ሳያመው አይቀርም። እንኳን በደንብ ሳይመረምሩት አለፈ፤ እንጀራውን ባሳጡት ነበር።