በጥንቸል የተሞከረውን ለእህቴ ላበሠሩት አዘጋጅ

ለተከበሩ የ«ነገ ደርሷል» የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፕሮግራም ዋና አዘጋጅና አቅራቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ በተለይም የዓይንዎን ጤና። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። እርስዎ ዓይንዎን ቢያምዎ የራስዎን ፕሮግራም ከመመልከት ይልቅ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ እንደሚሄዱ ስለማምን፣ በቶሎ ይድናሉ የሚል ሙሉ ተስፋ አለኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሆን፣ ከታናሽ እህቴ ጋር በአንድ ቤት እኖራለሁ። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ናት። አንድ ዓይኗ በዓይን ግፊት ጠፍቷል፤ የቀረው ደግሞ እየጠበበ ሄዶ ፊት ለፊቷ ያለውን እንጂ የጎኑን አታይም፤ የበሩ መቃን ትከሻዋን ሳይመታት የሚውልበት ቀን የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራምዎ ሲጀምር ግን ወንበሯን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግታ ትቀመጣለች፤ እኔም ከጎኗ ሆኜ ያመለጣትን እነግራታለሁ። ስለዚህ የምጽፍልዎ ከታማኝ ተመልካቾችዎ አንዷ ነኝና፣ ቅሬታዬን በተማርኩበት ሥርዓት በቁጥር ለይቼ ሳቀርብ እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩. ስለ ከበሮው አመሰግናለሁ። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዱን አፍዎን ሲከፍቱ ከበሮው ይነሣል፤ ከበሮው ጋብ ሲል ማብራሪያው አልቆ እርስዎ ፈገግ ብለው ይታያሉ። መጀመሪያ የድምፅ ባለሙያው ጥፋት መስሎኝ ሰውዬውን በልቤ ወቅሼዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። እየቆየሁ ስረዳው ግን ከበሮው የሚመታው ማብራሪያ በሌለበት ቦታ ብቻ ነው።

፪. «በቅርቡ» የሚሉትን ቃል በተመለከተ። ምግብን የሚተካ ክኒን በቅርቡ፣ ልብስ አጥቦና ተኩሶ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚደረድር ማሽን በቅርቡ፣ ሹፌር የማያስፈልገው አውቶቡስ በቅርቡ እንደሚመጣ አብሥረውናል። እኛ ሰፈር ፌርማታ ላይ ሹፌር ያለውንም ገና ቆመን እየጠበቅነው ነው። በልጅነቴ ያስተማሩኝ መምህር፣ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ብቀርብ «መቼ? የት? ማን አየው?» ብለው ይጠይቁኝና መልስ ካጣሁ ደብተሬን ይወረውሩልኝ ነበር። እርስዎ እንዲህ ያለ ክፉ መምህር ስላልገጠመዎ እንኳን ደስ አለዎት።

፫. እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚታለፍ ነው፤ ይህ ግን አይታለፍም። «ዓይነ ስውርነት ታሪክ ሆነ» ብለው ባቀረቡት ፕሮግራም፣ ከዓይን ጀርባ ስለሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ ነገሩን። አንዲት ሽበታም ሴትም ጥቁር መነጽር አጥልቃ የልጅ ልጇን እያየች ስታለቅስ አሳዩን። ቀጥለውም፣ ማን እንደነገረዎ ሳይናገሩ፣ «ቢላ ያልነካው ዓይን ከሆነ ደግሞ ውጤቱ እጅግ ያማረ ነው» አሉ። በዚያው ሰሞን እህቴ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራት፤ ቀዶ ጥገናው የጠፋውን ባይመልስም የቀረውን ያቆይላታል ተብላ ነበር። እርስዎን ከሰማች በኋላ ግን «እትዬ፣ እኔ ዓይኔን አላስነካም፤ ሌላ ሰው መቀስ ካስገባበት ጨርቅ ሙሉ ቀሚስ ሰፍቼ አላውቅም፤ ለመሣሪያው እንዳለ አቆየዋለሁ» አለችኝ። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ «አንቺ ድሮም አዲስ ነገር አይጥምሽም፤ ልብስ ማጠቢያውንስ ስትሰድቢው አልነበር?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። በእርግጥ ሰድቤዋለሁ፤ ነገር ግን የሰደብኩት ቤታችን ገብቶ ውኃውን መሬት ላይ ካፈሰሰ በኋላ ነው።

ሐኪሟን ሄጄ ጠየቅኳቸው። መሣሪያው እስካሁን የተሞከረው በጥንቸሎች ላይ መሆኑን፣ ቢሳካ እንኳ ለሌላ የዓይን በሽታ እንጂ ለእሷ ሕመም እንደማይሆን በትዕግሥት አስረዱኝ። ይህንን ሳደርስላት «ሐኪም መቅደድ ሥራው ነው፤ ምን እንዲልሽ ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። ያቺን ሽበታም ሴት ደግሞ ስለ ጉልበት ሕመም ባቀረቡት ፕሮግራም ላይ ደረጃ በሩጫ ስትወጣ አይቻታለሁ፤ እዚያም አልቅሳለች። እንባዋ ቅርብ ነው መሰለኝ።

፬. ይህንኑ ዘርዝሬ ቀደም ሲል በጻፍኩልዎ ጊዜ፣ መልስ በመስጠት ፈንታ ፎቶዎ ያለበት ኩባያ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሙቅ ውኃ ሲገባበት የተጨፈኑት ዓይኖችዎ ይገለጣሉ። ከፕሮግራምዎ እስካሁን በእርግጥ እጃችን የገባው ቴክኖሎጂ ይኸው አንዱ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ካሳም ይቅርታም አይደለም። ሆስፒታሉ እህቴን ተራዋን ያቆየላት እስከሚቀጥለው ሰኞ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ከሰልፉ መጨረሻ ትቆማለች፣ ዓይኗ ግን ሰልፍ አይጠብቅም። የፊታችን እሑድ፣ ያለ ከበሮ፣ «ያሳየኋችሁ መሣሪያ በሰው አልተሞከረም፤ የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያላችሁ እባካችሁ ሂዱ» ይበሉልን። እኔ ብናገር ክፋት፣ ሐኪሙ ቢናገር ጥቅም ፍለጋ ይመስላታል፤ እርስዎን ግን ታምናለች። እምነቷን በዚህ ዓይነት ሰው ላይ መጣሏ ያሳፍረኛል፤ ሆኖም ሌላ መንገድ ስለሌለኝ እጅ እነሣለሁ።

እርስዎ ቀድመውን ነገ ላይ ስለ ደረሱ፣ ዛሬ ላይ ቀርታ በታላቅ አክብሮት ከኋላዎ የምትጣራው፣
የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ በሕዝብ ፊት መታረም ከከበደዎ፣ ቤታችን መጥተው ለእሷ ብቻ ሊነግሯት ይችላሉ፤ በሩን የምትከፍትልዎ ራሷ ናት። በመልክዎ እንድትለይዎ ከፈለጉ ይፍጠኑ። ከዘገዩም ግድ የለም፤ በድምፅዎ ታውቅዎታለች።