ለአንድ እጅ የሚሆን ማንደጃ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኤላንድ፤

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ካለህበት ይድረስልኝ። እንዴት ከርመሃል ወንድምዓለም? ወገብህን ተሻለህ ወይ? የሲሸልስ ሙቀትና የዓሣ አጥማጅ መርከቡ ሞተር ጩኸት እንዴት ይዘውሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? በደንብ ትበላለህ? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። አባባ ደኅና ናቸው። እማማ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከዚያ ውጪ ምንም አይሉም። ባለቤቴ ቤኛት ጣራ ሊጠግን ወጥቶ አውራ ጣቱን በመዶሻ ከመምታቱ በቀር ጤና ነው። እኔም ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ባለፈው ከወደብ ስትደውል መስመሩ እየተቆረጠ አስቸገረን። አንተ አባባ ሊገቡበት ስለታሰበው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትጠይቀኛለህ፣ እኔ "ማንደጃ ገዛን" እልሃለሁ። ይቺ ልጅ ምን ነካት ሳትል አልቀረህም። ነገሩ ግን ሁለት አይደለም፣ አንድ ነው። በስልክ የማይዘለቅ ስለሆነ ከሥሩ ልጻፍልህ።

አባባ በመኸር ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እጃቸው እንደማይታዘዝና ንግግራቸው እንደተቆጠበ ታውቃለህ። ሽታ መለየት እንዳቆሙ ግን እኛም ያወቅነው ዘግይተን ነው። በየካቲት አንድ እሑድ እማማ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቤቱን ጋዝ ሞልቶት አገኙት። አባባ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይልጣሉ። ምድጃውን ከፍተው ክብሪቱን በአንድ እጅ መጫር ቢያቅታቸው ትተውታል፣ መዝጋቱን ግን ረስተዋል። እማማ ምድጃውን ዘግተው፣ መስኮቱን በርግደው፣ አባባን ጎትተው ግቢ አወጧቸው። በማግሥቱ ጋዝ የሚባል ነገር ከቤት ወጣ። ግቢ ውስጥ ዓሣ እንጠብስበት የነበረው የጋዝ ፕላንቻ፣ ያ ጠፍጣፋ መጥበሻ ብረት እንኳ ሳይቀር ለጎረቤት ተሰጠ። በምትኩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገባ። አባባ አንድ ቀንም አልነኩትም።

አንተም ታውቃለህ፣ እኚህ ሰውዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኢቻሶ ጀልባ ላይ ለባሕርተኛው ሲያበስሉ የኖሩ ናቸው። ማዕበል ሲንጣቸው ድስቱን በሆዳቸው ደግፈው ወጥ ያወጡ ነበር። አሁን ሰው አብስሎ ሲያቀርብላቸው አንገታቸውን ደፍተው ሁለት ሦስት ጉርሻ ይበሉና ሳህኑን ይገፉታል። ክረምቱን በሙሉ ቃል ሳይወጣቸው የዋሉበት ቀን ብዙ ነው። እማማም ብቻቸውን ትተዋቸው መውጣት ፈሩ። ገበያ ሲሄዱ እየሮጡ ሄደው እየሮጡ ይመለሳሉ። ከአረጋውያን ቤቱ ደውለው በሐምሌ አንድ ክፍል ይለቀቃል ያሉን ያን ጊዜ ነው። አንተ ተቀበሉ አልክ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ልቤ ወደዚያው አድልቶ ነበር። ደክሞኝ ነበር። እማማ እሺም እንቢም አላሉም።

በግንቦት ጋሼ ሼማርቲን መጡ። የኢቻሶ ካፒቴን የነበሩት መሆናቸው ነው፣ ጢማቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። የጀልባው ሰዎች በየዓመቱ በሰኔ በሚውለው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰሞን እኛ ግቢ ተሰብስበው አባባ ያበሰሉትን የሚበሉትን ነገር፣ ዘንድሮ ወደቡ አጠገብ ባለው ምግብ ቤት እናድርገው አሉ። አባባ እንዳይደክሙ ብለው ነው፣ በደግነት። አባባ ግን፣ "እኔን ማን ይጋብዘኛል? ጋባዡ እኔ ነበርኩ" አሉ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ጋሼ ሼማርቲን ቆባቸውን በእጃቸው እያዞሩ ወጡ።

ያን ማታ ለቤኛት በእንጨት የሚነድ ማንደጃ እንግዛ አልኩት። ጋዝ አይታይም፣ የማያሸት ሰው ደግሞ ምኑን ያውቀዋል? የእንጨት እሳት ግን በዓይን ይታያል፣ ሲንጣጣ ይሰማል፣ ፊትን ይጋረፋል። መሀሉ ላይ እሳት ነድዶ ዙሪያውን ወፍራም የብረት ፕላንቻ ያለውን ዓይነት ማለቴ ነው። ቤኛት ደስታውን አልቻለውም። ለካስ እሱ ከዓመት በፊት ጀምሮ በስልኩ ላይ እያየ ሲመኘው የኖረ አንድ አለ። ዝገት የመሰለ ቀለም ያለው፣ ሆዱ ጥጃ የሚያስተኛ። እማማ ሲሰሙ፣ "ጋዝ አስወጥቼ እሳት ላስገባ? ከድጡ ወደ ማጡ!" ብለው ሳህን ማጠባቸውን ቀጠሉ።

እንዲያም ሆኖ ወደ ባዮና በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ሱቅ አራታችንም ሄድን። እማማ የመጣሁት ጅልነታችሁን ለማየት ነው አሉ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፣ ግን የሚያወራው ለቤኛት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ማንደጃ ብረቱ ስስ ነው፤ ኃይለኛ እሳት ካገኘ ይጣመማል፣ ከተጣመመ ደግሞ ዘይቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይፈሳል ብሎ ሻጩ ራሱ ነገረን። ሁለተኛው የቤኛት ጥጃ ማስተኛ ነበር። አባባ በከዘራቸው ገፋ አደረጉትና አለፉ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ፕላንቻው ሰፊና ወፍራም ነው፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ልክ እንደ ጀልባው ምድጃ ምግብ እንዳይንሸራተት ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ቀኝ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉና ማንሳት እንቢ አሉ። እኔና ቤኛት ተያየን። ነገሩ አለቀ አልን።

ይሄኔ እማማ ቦርሳቸውን ለእኔ አቀበሉኝ። ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው በቀሚሳቸው መቀነት ሥር ሸጎጡ። ከዚያ ለሻጩ፣ "እስቲ ወንበር ያምጡልኝ። ለአማቼ ሳይሆን ለእኔ ያሳዩኝ" አሉት። ከፍ ያለ ወንበር መጣላቸው። በአንድ እጃቸው ፍልጥ አንስተው መሀሉ ላይ ሊጨምሩ ሞከሩ። ፕላንቻው በጣም ሰፊ ስለሆነ ክንዳቸው በሙሉ በብረቱ ላይ ተዘርግቶ ካልሆነ በቀር አይደርስም። እሳት ቢኖርበት እጅጌያቸው ተቃጥሏል ማለት ነው። አመዱስ እንዴት ነው የሚወጣው አሉ። ሻጩ የማንደጃውን ሆድ በሁለት እጁ ይዞ አንስቶ አሳያቸው። እማማም፣ "አመድ በደፋን ቁጥር እርስዎ ከባዮና ይመጡልናል?" አሉት። ሰዉ መገበያየቱን ትቶ እኛን ያያል። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ። አባባ ፊታቸው ቀልቷል። ተቆጡ፣ አሁን ከዘራቸውን ጥለው ይወጣሉ ብዬ ስፈራ፣ "ካታሊን፣ መደበቅ የነበረብሽ ቀኝሽን ነው፤ ግራሽማ ድሮም ሥራ አያውቅም" አሏቸው።

ኤላንድ፣ እማማ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆነው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እጃቸውን ግን ከመቀነቱ አላወጡም። እንዲሁ እንደሸጎጡ ከአንዱ ማንደጃ ወደ አንዱ እየተዘዋወሩ ሁሉንም ፈተኑ። አባባም ተከትለው ይህን ንኪ፣ ያን ግፊ ማለት ጀመሩ።

የገዛነው እማማ የመረጡትን ነው። ስፋቱ መካከለኛ ስለሆነ እጅ እሳቱ ጋ ሳይቃጠል ይደርሳል። ብረቱ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ለእሳቱ የቀረበው በኩል ይፋጃል፣ ዳሩ ለዘብ ይላል። ስለዚህ ዓሣውን ወደ ውስጥ፣ ቃሪያና ሽንኩርቱን መሀል፣ የበቆሎውን ቂጣ ዳር አድርጎ ሁሉንም አንድ ላይ ማብሰል ይቻላል። ከእሳቱ አፍ በላይ የሚቀመጥ ፍርግርግም አለው፣ የበግ ጎድን ይጠበስበታል፣ ድስትም ይጣድበታል። ምግቡ ሲያልቅ ፍርግርጉን አንስተህ እሳት ትሞቅበታለህ። እንጨቱ ከሥሩ ባለው ክፍት ቦታ ይደረደራል፣ ተቀምጦ መምዘዝ ነው። አመዱ በጎን በኩል በመሳቢያ ይወጣል፣ መያዣዋ አንዲት ናት። በመጨረሻ እማማ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ተደገፉበት። አልተነቃነቀም። "ቢወድቅበትም ይችለዋል" አሉና ያን ጊዜ እጃቸውን ፈቱ። አባባ ጠርዝ የለውም ብለው እስከ ቤት ድረስ አኮረፉ። ወደብ ያለው በያጅ በኋላ ዙሪያውን ቀጭን ጠርዝ በየደለት። ቤኛት ስለ ጥጃ ማስተኛው እስከ ዛሬ ያዝናል።

ከበለሱ ዛፍም ከግድግዳውም አርቀን የድንጋዩ ንጣፍ ላይ ተከልነው። መሬቱ ትንሽ ያዘነብላል፣ ዘይቱ ወደ አባባ ሱሪ እየወረደ ስላስቸገረ በአንዱ እግር ሥር ስስ ድንጋይ አስገባንበት። እንጨቱ ጭስ የማያበዛው፣ የደረቀ የባሉጥ ዛፍ ነው። ጥድ ሙጫው ስለሚያጨስና ምግቡን ስለሚያመርር አባባ አያስደርሱትም። ቤኛት ለአንድ እጅ እንዲመች አሳጥሮና አሳንሶ ይፈልጥላቸዋል። የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳይበስልበት በዝግታ እሳት እያነደዱ፣ ብረቱን በስሱ ዘይት እየቀቡ ዋሉ። ግራጫው ብረት ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከዚያ ጥቁር። ምሳ ግቡ ብንላቸው አልገባ አሉ።

ሁሉም ነገር ወዲያው ሰመረ ብዬ አልዋሽህም። መጀመሪያ ላይ ስንት ሰርዲን ከሰል ሆነ መሰለህ። ቀኝ እጃቸው ይቻኮላል፣ ግራው አያግዘውም። አንድ ቀን የእጃቸውን አንጓ ፈጃቸው። እማማ አዩና ዘወር ብለው ወደ ቤት ገቡ። በቃ፣ ማንደጃው ተመላሽ ነው አልኩ። ተከትያቸው ብገባ መቀስ ይዘው የአባባን የሥራ ሸሚዞች እጅጌ በሙሉ ከክርናቸው ላይ እየቆረጡ አገኘኋቸው።

ከዮሐንስ በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ የጀልባው ሰዎች ከነሚስቶቻቸው መጡ። የፖም ጠጁን ይዘው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ተጠንቅቀው ገቡ። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰርዲኑን ደረደሩ። በአንዱ በኩል ያለው መጨስ ጀመረ፣ እሳቸው ደግሞ በሌላው በኩል ያለውን እያገላበጡ ነው፤ አንድ እጅ ሁለት ቦታ አይደርስም። ጋሼ ሼማርቲን አላስቻላቸውም። ተጠግተው መገልበጫውን ከአባባ እጅ ወሰዱ። አባባ ቀና ብለው ሳይቆጡ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለጉ እንዲህ አሉ፦ "ሼማርቲን፣ አንተ መሪ ስትይዝ እኔ ቀምቼህ አውቃለሁ? በዚያ ክፉ ጭጋግ እንኳ?"

ጋሼ ሼማርቲን መገልበጫውን መለሱላቸው። ሄደው ቁጭ አሉና እንደማንኛውም እንግዳ ጠበቁ። ምሳው ዘገየ፣ ከሰርዲኑም በከፊል ከሥሩ ጠቆረ። ማንም ጣፈጠ ብሎ አላባበላቸውም። ይልቅስ ልክ እንደ ጀልባው ዘመን ጨው በዛ እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። አባባም ባሕር ላይ ያረጀ ሰው ጨው ይፈራል ወይ ብለው መለሱላቸው። ሚስቶቹ እየሳቁ በቆሎ ቂጣውን ዳር ላይ ጋገሩ። እሳቱ ዙሪያ እስኪመሽ ተቀምጠው ሲነታረኩ ዋሉ። እኔ ሳህን ለማጠብ ብዬ ገብቼ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጥቂት ቆምኩ።

ሰኞ ጧት እማማ ወደ አረጋውያን ቤቱ ደወሉ። አጠገባቸው ነበርኩ። ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት አሉ። ሴትዮዋ ምክንያቱን ጠየቀቻቸው መሰለኝ፣ "ባለቤቴ ሥራ ጀምሯል" ብለው ስልኩን ዘጉ።

ትቆጣ ይሆናል። ሐኪሙ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል ብሏል፣ እጃቸውም አልተሻለውም። ያ ቤት አንድ ቀን ያስፈልገን ይሆናል፣ ያን ጊዜ ያኔ እንመክርበታለን። ለአሁኑ ግን እማማ ገበያ ሲሄዱ አይሮጡም። ከዓሣ ሻጮቹ ጋር ወሬያቸውን ጠርቀው ነው የሚመለሱት።

ቤኛት እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፣ ስትመጣ መዶሻ የሚችል ሰው ቤት ውስጥ ይኖራል እያለ ይጠብቅሃል። እማማ ከልባቸው ስመውሃል፣ ያንን የወገብ መታጠቂያ አድርግ፣ ራቁትህን አትተኛ ብለዋል። ጋሼ ሼማርቲን ቱናን በመንጠቆ ሳይሆን በመረብ የሚያጠምድ ሰው ዓሣ አጥማጅ እንዳልሆነ ንገሪልኝ ብለው ከነሳቃቸው ሰላምታ ልከዋል። ለአባባም አሁን፣ ቃሪያ እየጠበሱ ሳሉ፣ ለኤላንድ ምን ልበልልዎት አልኳቸው። መጀመሪያ ቃሪያውን ሁሉ ገልብጠው ጨረሱ። ከዚያ፣ "ነጩ ቱና በሐምሌ ወደ እኛ ባሕር ይገባል በይው" አሉ። ይሄው ነው ብዬ ልሄድ ስል ጠሩኝና፣ "እሱም ይግባ" አሉ።

እህትህ ግራሺ

ዚቡሩ፤ እሑድ ሰኔ 30 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.