መረቡን በሳሙና አጠብኩት

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ አንድም ዓሣ አልያዝኩም። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ትናንት መረቡን ከመጣሌ በፊት በሳሙና አጥቤዋለሁ።

በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ አድርጌ አላውቅም። መረብ በሐይቁ ውሃ ይለቀለቃል፣ ቅርፊቱና ሣሩ በጣት ይለቀማል፣ ፀሐይ ናይለኑን እንዳይበላው ጥላ ውስጥ ይሰጣል። እንዲህ የተያዘ መረብ አይሸትም። ሳሙና የነካውን ግን ዓሣ ይሸሸዋል። ይህን ለስንቱ ዓሣ አስጋሪ ያስተማርኩ እኔ ነኝ።

ልጄ ናት የለመነችኝ። ታቦር ሰፈር እሷ ቤት መኖር ከጀመርኩ ወዲህ መረቡ የሚሰጣው በረንዳዋ ላይ ነው። "አባዬ፣ ነገ የባለቤቴ ቤተሰቦች ምሳ ይመጣሉ፤ እባክዎ ይህን ሽታ ያጥፉልኝ" አለችኝ። ተምራ ለወግ ለማዕረግ የበቃችው በዚሁ መረብ ነው። ቢሆንም ሽቶ ባለው የዱቄት ሳሙናዋ ዘፍዝፌ አሸሁት፤ አበባ አበባ ሸተተ።

ዛሬ ባዶ እጄን ስመለስ፣ የሳሙናው ሽታ እስኪለቀው ብዬ መረቡን ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ትቼው መጣሁ። እንግዶቹ ለምሳ ማዕድ ቀርበዋል። ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ተነስታ መስኮቱን ከፈተችና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ "አባዬ፣ መረቡን አላጠቡትም እንዴ? አሁንም ይሸታል" አለችኝ።

መረቡ ቤት እንደሌለ አልነገርኳትም።