ከታመነ እጅ የመጣ ሰሊጥ

ሰኞ፣ መጋቢት ፫ ቀን ፲፱፻፳፮፣ መቱ

ዛሬም የተማሪዬን የተሰማን ሽሮ ቀድሜ ቀመስሁ። ደህና ነው። ለአዳሪ ተማሪዎቹ ሁሉ የሰሊጥ ፍትፍት፣ ለእሱ ሽሮ በትንሿ ድስት። ወጥ ሠሪያችን አዴ ጫልቱ ድስቷን ለብቻ ያጥባሉ፣ ማማሰያዋንም ለብቻ ይሰቅላሉ። ጾሙ እስኪፈታ እንዲህ ነው።

እናቱ እትዬ አስካለ ልጁን ከቡሬ ሲያመጡት የነገሩኝ ከጆሮዬ አይጠፋም። ሰሊጥ በአፉ ከገባ ከንፈሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ቡዳ ነው ተብሎ ያልተጠመቀበት ጸበል የለም። አደራ ብለውኝ ሄዱ። ልጁን አስጠንቅቄዋለሁ፦ ከእኔና ከባልደረባዬ ከመምህር ታደለ እጅ በቀር እንዳትቀበል።

ረቡዕ፣ መጋቢት ፭

ታደለ ሞግዚት ሆንህ እያለ ይቀልድብኛል። ልጁ ቅምጥል ነው፣ ቢርበው ሁሉንም ይበላል ባይ ነው። ሳቅሁ። ታደለን ማን ይቀየመዋል? ከአዲስ አበባ አብረን መጣን፣ አንድ ቤት እንኖራለን፣ ወባ ሲጥለኝ ያስታመመኝ እሱ ነው። ተሰማም ይወደዋል። ሒሳብ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ሲጠራው በሩጫ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት ፲፪፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት



ምሳ ላይ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አስጠርተውኝ ነበር። ጩኸት ሰማሁ፣ ሮጥሁ። ተሰማ መሬት ላይ። ከንፈሩ አብጧል፣ ዓይኑ ተከድኗል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። አዴ ጫልቱ አቅፈውት ማል ታቴ፣ ምን ሆንህብኝ ልጄ እያሉ ያለቅሳሉ። አቅንቼ ደገፍሁት። አስታወከው። ሌላ ምን አውቃለሁ? ሐኪም ያለው ጎሬ! እግዚኦ አልን። ብዙ ቆይቶ ትንፋሹ ተመለሰ።

አሁን ተኝቷል። ድስቷን ቀመስሁ፤ ሽሮ ብቻ። ከሳህኑ የተረፈው ግን ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። ታደለን ጠየቅሁት። እኔ ምን አውቄ አለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፲፫

ዲሬክተሩ ሰው ፊት አዋረዱኝ። ታደለ ቀድሞኝ ገብቶ ኖሯል። እኔ ቸልተኛ እንደሆንሁ፣ አዴ ጫልቱም ድስት እንዳደባለቁ ነግሯቸዋል። ወጥ ሠሪዋ በወሩ መጨረሻ ይሰናበቱ ተባለ። ለእትዬ አስካለ መልእክተኛ ልኬያለሁ። ታደለ ለምን እንዲህ ይላል? ደንግጦ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት ፲፭

ተሰማ ዛሬ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ማን ሰጠህ አልሁት።

«መምህር ታደለ አጎረሱኝ። ጣዕሙ ሌላ ነበር። ግን እሳቸው አይደሉ? ዋጥሁት።» እጄን ይዞ፣ «ጠልተውኝ ነው?» አለኝ።

ወጥቼ ታደለን ጠየቅሁት።

ታደለ አልካደም። ልፈትነው ብዬ ነው፣ ጥቂት ነው የነሰነስሁት፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ መች አሰብሁ አለ። እዚያ ላይ ባበቃ! ትከሻዬን ይዞ፦ «በሁለታችን ይቅር። ሴትዮዋ እንደሆኑ ሌላ ቤት አያጡም።»

ወንድሜ ያልሁት ሰው ይኸው ነው። ልጁ የጎረሰው እሱን አምኖ ነው። እመነው ያልሁትም እኔ።

ራሱ እንዲናገር እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠሁት።

ሰኞ፣ መጋቢት ፲፯፣ ጠዋት

እትዬ አስካለ ደረሱ። ከበቅሎ እንደወረዱ ልጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ ፊቱን ዳሰሱት። አልጮኹም። «አደራዬን የት ጣሉት?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ስም ጠርቼ።

አሁኑኑ ይዘውት ሊሄዱ ነው። ተሰማ እግራቸው ላይ ወድቆ ልማር ይላል። እሳቸውም አሰቡና አዴ ጫልቱ ካሉ ከፋሲካ በኋላ እመልሰዋለሁ፣ እሳቸው ከሌሉ ግን የዚህን ግቢ ውሃ አይጠጣም አሉ።

ታደለ አልተናገረም። አሁን በሩ ላይ ቆሞ የምጽፈውን ያያል። ያስታመምሁህን አስብ ይላል። እንጀራዬን ልታሳጣኝ ነው ይላል። አሳዘነኝ፤ አልዋሽም። አዴ ጫልቱ ግን ግቢ ውስጥ ነጠላቸውን አጣፍተው ይጠብቁኛል። እትዬ አስካለም ከአጠገባቸው። ሦስታችን እውነቱን ልንናገር ዲሬክተሩ ዘንድ እንገባለን። ታደለ መንገዱን አልለቅም ብሏል፤ ገፍቼውም ቢሆን እወጣለሁ።