የአባይነህ ካናቴራ

ጽናትዬ፣

ቀየት ከምትባል የገጠር ከተማ ነው የምጽፍልሽ። እዚህ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው በልብሱ ይለቀሳል። አባይነህ የሚባል ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ፤ እናቱ እማማ ጥሩሸዋ፣ ልጁ ቤት ትቶት የሄደውን ካናቴራ ደጃፍ ላይ ከረጅም በትር ጫፍ ሰቅለውታል። በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ቅጠል እንኳ ሳይነቃነቅ፣ ሁለቱ እጅጌዎች እኩል ወደ ፊት፣ እኩል ወደ ኋላ ይላሉ። እኛ ጣና ዳር ላደግን ቀዘፋ አይጠፋንም። ካናቴራ ከጣልያን የመጣ ቃል ነው፣ መጀመሪያ የጀልባ ቀዛፊዎች ልብስ ነበር ያልሽኝ ትዝ አለኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ካናቴራ ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ እማማ ድንገት።

«ተራ የውስጥ ልብስ ነው» ብዬ ዋሸኋቸው።

«እንግዲያስ አውርድልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ክንዱን አላሳረፈም።»

አወረድኩት። እጄ ላይ እንደ እርጥብ ልብስ ከበደኝ።

ፖስት ካርዷ ሞላችብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ወንድምሽ መልከ ጼዴቅ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ካናቴራውን ቤት ትቶ እንዳይሄድ፣ አደራ።

ስንታየሁ