ይህኛው የጉድጓዱ ውኃ አይደለም

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? እማማ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃውን እየረገመች ነው የምትወጣው? ባለቤትህ እቴቴስ፣ ልጃችሁ ሚጢጢስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ስለ ጥርስህ ግን አልጠይቅህም። እሱን በደብዳቤህ ነግረኸኛል፤ እውነቱን ለመናገር ሳትነግረኝም አውቄው ነበር።

እንዴት አወቅሽ ካልክ፣ እቴቴ በስልክ የላከችልኝን ሠርግ ላይ የተጫወትከውን ዜማ ሰምቼ ነው። መጨረሻው ላይ ትራምፔቱ ሽቅብ የሚወጣበት፣ እማማ «ዛሬስ ጣራውን ሊነቅለው ነው» የምትልበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ስትደርስ ዝቅ ብለህ አለፍከው። ሠርገኛው ምኑንም አላወቀም፤ አጨብጭቦ ሸኝቶሃል። እኔ ግን አንተ ስትለማመድ ጆሮዬን በትራስ ደፍኜ ያደግሁ እህትህ ነኝና አልተታለልኩም።

ከዚያ ደብዳቤህ መጣ። ሁለቱ የፊት ጥርሶችህ ድዱ አጠገብ መለስለስ መጀመራቸውን፣ ትራምፔቱን ከንፈርህ ላይ ስትጫን እንደሚጠዘጥዝህ፣ ሐኪሙም ፍሎራይድ የበዛበት የጥርስ ሳሙና በማዘዣ እንደሰጠህ ጻፍክልኝ። አንተ ግን ስሙን ከማንበብህ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወርከው። «ልጅነታችንን ያበላሸውን ነገር በገዛ እጄ አፌ አልከትም፤ ሁሉንም አስነቅዬ እገላገላለሁ» አልክ። እንዲህ በቀላሉ! ጥርስ እንደ አሮጌ ሚስማር ተነቅሎ የሚጣል ይመስል።

አልፈርድብህም። ሁላችንም የዚያ ጉድጓድ ልጆች ነን። የጤና ሰዎች መጥተው ውኃው ፍሎራይድ በዝቶበታል ብለው ሲዘጉት የእኛ ጥርስ በልዞ አብቅቶ ነበር። በቤታችን ሳቅ ከመጣ እጅ ቀድሞ አፍ ላይ ነው። ፎቶ አንሺ ፊት ስንቆም እማማ «አፋችሁን ግጠሙ» ትለን ስለነበር፣ በድሮ ፎቶዎቻችን ሁሉ የተጣላን ነው የምንመስለው። ስለዚህ «ፍሎራይድ» የሚለውን ቃል ስትሰማ እጅህ ወደ አፍህ ቢሄድ አይገርመኝም። የእኔም ሄዷል።

አዎ፣ ያው መድኃኒት ለእኔም ታዞልኛል። ሰው እንዳይጨነቅ ብዬ አልነገርኳችሁም። እኔ የምሠራበት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደ ምድጃ ነው። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዤ አንሶላ ስተኩስ ጉሮሮዬ ስለሚደርቅ የለስላሳ ጠርሙስ ከአጠገቤ አይጠፋም ነበር፤ ጉንጭ ጉንጭ እያደረግሁ እስከ ማታ እውላለሁ። ጥርሴ የተበላው በዚያ ነው። ሐኪሟ አንዱን ጥርሴን ሞላችልኝ፤ መለስለስ ለጀመሩት ደግሞ ሳሙናውን አዘዘችልኝ።

እኔም ወሰድኩት። ግን እንዴት እንደተጠቀምኩበት ልንገርህና ሳቅ። በፍርሃት ጫን ጫን አድርጌ እቦርሽና አባባ እንዳስተማረን፣ አፌ ውስጥ የሳሙናው ጣዕም እስኪጠፋ ድረስ ስጉመጠመጥ እቆያለሁ። አባባ «በደንብ ያልተጉመጠመጠ ከእኔ ጋር አያውራ» ይል አልነበር? ከወራት በኋላ ሐኪሟ አይታኝ ምንም ለውጥ ስላጣች፣ መድኃኒቱን ትተሽዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ኧረ በየቀኑ ነው፣ ከዚያም አጥርቼ ነው የማጥበው ብዬ በኩራት ነገርኳት። ሳቋን መያዝ አቃታት። የት እንደምሠራ ታውቃለችና፣ የቆሸሸ ኮሌታ ላይ ማስለቀቂያ ቀብተሽ ወዲያው ብታጥቢው ይለቅልሻል ወይ አለችኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ያን ጊዜ ነው የጉድጓዱን ነገር ያወጣሁት። እሷም አልናቀችብኝም፤ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳችኝ። ውኃው የጎዳን ልጆች ሳለን፣ ጥርሳችን ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በየቀኑ እየጠጣን ወደ ሆዳችን ስላስገባነው ነው። አሁን ጥርሳችን ተሠርቶ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ በዚያ መንገድ አይበልዝም። ይህኛው አይጠጣም። በትንሹ ጥርስ ላይ ተቀብቶ ይተፋል፤ ተተፍቶ የሚቀረው ስስ ነገር ነው የለሰለሰውን መልሶ የሚያጠነክረው። ማርም ሲበዛ ይመራል፤ መድኃኒትም ከልኩ ሲያልፍ መርዝ ይሆናል። የጉድጓዱ ጥፋት ልክ ማጣቱ ነበር።

ለእኔ ያዘዘችልኝ እንዲህ ነው፦ ከመኝታ በፊት የአተር ፍሬ የምታህል ብሩሹ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ እቦርሻለሁ፤ እተፋለሁ፤ አልውጥም፤ በውኃም አልጉመጠመጥም። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል እህልም ውኃም አልቀምስም። መጀመሪያ ላይ ሳልታጠብ መተኛት ጭቃ እግር ይዞ አልጋ ላይ እንደመውጣት ሆኖብኝ ነበር፤ ለመድኩት። አንተ ግን የእኔን ልክ አትውሰድ። ወደ ሐኪምህ ተመለስና ስለ ጉድጓዱ ንገረው፤ ስለምትወስዳቸው ኪኒኖችም ሁሉ ንገረው። ላንተ የሚሆነውን መጠንና ሰዓት እሱ ይንገርህ። የተቦረቦረ ካለ ሳሙናው አይደፍነውም፤ እሱን ሐኪሙ ራሱ ይሞላዋል።

ከረሜላውን በተመለከተ ደግሞ እቴቴ ሁሉንም ነግራኛለች፤ አትቆጣት። ኪኒኑ አፍህን ስለሚያደርቀው መድረክ ላይ ከመውጣትህ በፊት ከረሜላ ጉንጭህ ውስጥ ወሽቀህ ትጠብቃለህ አሉ። በአንድ እጅ እየገነቡ በሌላው ማፍረስ ማለት ይህ ነው! ውኃ ተጎንጭ፤ ካልሆነም ስኳር የሌለው ማስቲካ ይኑርህ።

አንድ ሌላ ነገር። የእኛ ቤት ሰው ጥሩ ነገር ካገኘ ለጎረቤት ሳያቃምስ አያድርም፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብላ ነው እማማ ያሳደገችን። በዚህ ነገር ግን ንፉግ ሁን። ላንተ የታዘዘ ያንተ ብቻ ነው፤ ለእቴቴም፣ ለባንዱ ልጆችም አታካፍል። በተለይ ሚጢጢ እንዳታገኘው። ሽታው ከረሜላ ከረሜላ ስለሚል ጣፋጭ መስሏት ልትበላው ትችላለች፤ ጥርሷም ገና በመሠራት ላይ ነው። ከዋጠች ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ደውሉ። እስካሁን ካደረግኸው ሁሉ ትክክል የሆነው ቁም ሳጥን አናት ላይ መወርወርህ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሚጢጢ ወንበር ላይ ወጥታ የማትደርስበት የለምና ቆልፍበት።

አስነቅላለሁ ስትል የባንዳችሁን አንጋፋ አስበው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባ በኋላ ትራምፔቱ አልያዝለት ብሎ ወደ ከበሮ ተዛወረ። ከበሮ ጥሩ ነገር ነው፤ አንተ ግን ሕይወትህን ሙሉ ምት ጠብቀህ አታውቅም። ቀልዴን ነው። ቀልድ ያልሆነው ግን፣ ያ ድምፅ ከቤታችን ቢጠፋ እኔ የምመለስበት ቤት ግማሹ እንደፈረሰ ነው የምቆጥረው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ በትንሿ መስታወት አፌን ስታይ ቆይታ፣ የለሰለሰው ቦታ ጠንክሯል አለችኝ። መጉመጥመጡን ከተውኩ ወዲህ ነው። ያንተም ገና መጀመሩ ነውና አልረፈደም።

እቴቴን ሳምልኝ፤ መድኃኒቱን ከቁም ሳጥን አናት አውርዳ እጅህ ላይ የምታስቀምጠው እሷ እንደምትሆን አውቃለሁ። ሚጢጢን ሁለቱንም ጉንጮቿን፤ ጥርሷን ስትቦርሽ የራሷን የልጆች ሳሙና፣ ያውም በጣም በጥቂቱ፣ እናንተ አድርጉላት። የባንዱን ልጆች፣ በተለይ ከበሮ መቺውን፣ ሰላም በልልኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ፎቶዬን ከዚህ ጋር ልኬላችኋለሁ። አንሶላ አጣፊዋ ጓደኛዬ ሳላስብ እያሳቀችኝ ያነሳችኝ ነው። እጄ ወገቤ ላይ ነው፤ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል። እማማ «ይህቺ ልጅ ምነው አፏን አልገጠመች» ማለቷ አይቀርም። በልዘዋል፤ ግን አንድም አልጎደለም በላት።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ጥር 12 ቀን