ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ቃል

ለውድ ባለቤቴ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? ሾፌሮች የምትተኙበት ክፍል ጣራው ያፈሳል ብለኸኝ ነበር፤ አሠሩላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጤናዬም ያው እንደምታውቀው ነው።

ባለፈው በስልክ «ሚስት እንዴት የባሏ ድምፅ ይጠፋታል?» ብለህ ስትጮህብኝ ዘጋሁብህ። ስልክ ላይ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልህ።

የዚያ የደወለልኝ ሌባ ድምፅ ያንተው ነበር። ፖሊሱ እንዳስረዳኝ፣ ሌቦቹ መሪ ይዘህ እየለፈለፍክ የምትለጥፋቸውን ቪዲዮዎች ወስደው በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስለው ሠሩት። ለዓለም ሁሉ ትለፈልፋለህ፣ ለእኔ ሲሆን ወሬ ያልቅብሃል። ጉሮሮህን የምትጠርገው ነገር እንኳ አልቀረም። ሰው ገጭቼ ታስሬያለሁ፣ ዛሬውኑ ገንዘብ ካልላክሽልኝ አለቀልኝ አለኝ። የስፌት መኪናዬን ሸጬ ላክሁ። ይህን ታውቃለህ፤ ሰፈሩም አውቆ መሳቂያ አድርጎኛል።

ያልነገርኩህ ሌላ ነው። ገንዘቡን ከመጠየቁ በፊት «ያን ጊዜ ብቻሽን ጥዬሽ ሄድኩ። ይቅር በይኝ» አለኝ።

ሌባው ምን ያውቃል? ለሥራ ከቤት መራቅህን ማለቱ ይሆናል፤ ምናልባት ለሁሉም የሚላት ማባበያ ናት። እኔ ግን የታየኝ ልጃችንን በቀበርን ማግስት፣ አልጋዋን ፈታተህ ዕቃ ቤት ከተህ፣ መኪናህን አስነስተህ የሄድክበት ጠዋት ነው። ከዚያ ወዲህ ስሟን ካንተ አፍ ሰምቼ አላውቅም። የጀመርኩትን ቀሚስ ጭኔ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ። ያ ሰውም ስልኩን ሳይዘጋ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ እዚያው ገብቶኝ ነበር። አንተ ጥርስህን ቢነቅሉህ ይቅርታ አትልም። አንተ አለመሆንህን እያወቅኩ ነው የስፌት መኪናዬን የሸጥኩት።

አሁን ስልኩ ሲጮህ ያ ሰው ይሆናል ብዬ ሮጬ አነሳለሁ። «ሰማሽ» ብለህ ስትጀምር አንተው መሆንህን አውቅና ቅዝዝ እላለሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ጻፍኩት።

ፖሊሱ ዳግመኛ እንዳልታለል መላ ነግሮኛል። ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት ቃል ይኑራችሁ፣ ደዋዩ መጀመሪያ እሱን ይበል ብሎኛል። እኔ የልጃችን ስም ይሁን ብያለሁ። ከኛ በቀር የሚያስታውሳት የለም።

ስትደውል አስቀድመህ ስሟን በለኝ። ካላልክ አንተ አይደለህም ብዬ እዘጋዋለሁ።

መንገዱን ያቅናልህ፤ ከድንገተኛ አደጋ ይሰውርህ።

የልጅህ እናት